ከግድግዳው ወዲያ ያለው ያዥ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩን ገርበብ አድርጉት፣ ነፋሱ ጉልበቴን ያገኘኛል። ትራሱን ለእሷ አቀብሏት፣ መሬቱ ይቀዘቅዛል። ተመቻችሁ? እንግዲህ ስሙኝ። ስለ አንድ ሥዕልና ስለ አንድ ግድግዳ ነው፣ ብዙም አላረዝምባችሁም።

እናንተ ያደጋችሁበት ቤት ግድግዳው ራሱ የፈለጋችሁትን ሥዕል ያወጣል፣ ሲሰለቻችሁም ያጠፋዋል። ስለዚህ አንድ ሥዕል ሰቅሎ ማዋል ስንት ሰው ይፈልግ እንደነበር ባታውቁ አልፈርድባችሁም።

እኔ የኖርኩት ስስ ሰፈር ነው። በወረቀት ላይ ሌላ ስም ነበረው፤ ማንም ጠርቶት አያውቅም። ከተማው ሰው በበዛበት ቁጥር ቤቱን ወደ ላይ ይቆልላል፣ ግድግዳውን ደግሞ ያሳሳል። እናቴ ቤት ግድግዳ ማለት ብሎኬት ነበር። ሚስማር ትመታበታለህ፤ እምቢ ካለህ ከጎኑ ትመታለህ። የስስ ሰፈር ግድግዳ ግን ከአውራ ጣቴ አይወፍርም። ውሃው፣ መብራቱ፣ የምንተነፍሰው አየር ሁሉ በውስጡ እንደ ደም ሥር ይሄዳል። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሰውዬ የሠርጉን ፎቶ እሰቅላለሁ ብሎ በድሪል በሳው። ከእሱ በላይ ያሉት ፎቆች በሙሉ ውሃ አጡ። ፎቶው አልተሰቀለም፣ ትዳሩም አልከረመም ይባላል፤ የኋለኛውን ሰው ጨምሮበት ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ሚስማር እንደ ጥይት በር ላይ እየተፈተሸ ይለቀም ጀመር።

ስለዚህ በማግኔት ሆነ። ውሃ የማይሄድበት ግድግዳ በየቤቱ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ከጎረቤት ጋር የሚያዋስነው ነው። ብረት ስለሌለበት ማግኔት ብቻውን አይይዝበትም። አንዱን ማግኔት ከሥዕልህ ጀርባ ታስራለህ፣ ሁለተኛውን ጎረቤትህ ከወዲያ በኩል ልክ ትይዩው ላይ ያደርግልሃል። ሁለቱ በግድግዳው ውስጥ ይፈላለጉና ጥብቅ ይላሉ። ያንን ጎረቤት «ያዥ» እንለዋለን።

አዲስ ገቢ የመጀመሪያ ሥራው ዳቦ ይዞ ጎረቤት ማንኳኳት ነበር። «ያዙልን» ይላል። «እንይዛለን» ይሉታል። ጠዋት ደረጃ ላይ ስንገናኝ «ግድግዳው እንዴት አደረ?» እንባባላለን፤ መልሱም «ይዟል፣ ተመስገን» ነው። ሽማግሌ የተላከበት ቤት «ለመሆኑ ያዣቸው ማነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሰው ሲሞት እንኳ እሱ የያዘው ማግኔት እስከ አርባው አይነካም። ሙት አርባ ቀን ይይዛል ይባል ነበር።

ለማንሳትም ሥርዓት ነበረው። ማግኔት ወደ ራስ ከሳቡት ጣት ይበላል፤ እያንሸራተቱ ነው ወደ ጠርዝ የሚወስዱት፣ ሥሩ ሱፍ ጨርቅ ተደርጎ። ከዚያ በፊት ግን ያዡ ግድግዳውን ሦስት ጊዜ ያንኳኳል። «ላነሳ ነው» ማለቱ ነው። ባለ ሥዕሉ ሥዕሉን እቅፍ አድርጎ ሁለት ጊዜ ይመልሳል፤ «ይዣለሁ፣ አንሳ»። መልስ ሳይሰማ ያነሳ አንድ ሰው አውቃለሁ። የጎረቤቱ መስተዋት ወድቆ ተሰበረ፤ የተጎዳ ሰው አልነበረም። ዕድሩ ግን ስሙን ሰረዘው። ሲሞት ድንኳን አልተተከለለትም፣ እኛም በሩ ላይ ዝም ብለን አለፍን።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ኋላ ይጠቅማችኋል። ያ ግድግዳ ሙቀት አይችልም ነበር። የሰው ገላ ሲቆይበት ይጠቁራል። በየአልጋው ራስጌ የተኛው ሰው ጭንቅላት ጥላ ይቀራል። ሰው ቤት ሲለቅ አጣቢዎች መጥተው ጥላውን ያጥቡታል፣ ከዚያ ለሌላ ይሰጣል።

ፌቨን የምትባል ጓደኛ ነበረችኝ፣ በር ለበር የምንተያይ። ባሏ ኪሩቤል ታፔላ ሠዓሊ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ለፀጉር ቤትና ለሥጋ ቤት ሲስል ኖሮ ለራሱ የሳለው አንድ ብቻ ነው፤ የድሮ ግቢያቸውን የቆርቆሮ በር። ሰፈሩ ከመፍረሱ በፊት የነበረውን። በሩ ገርበብ ብሏል፣ በክፍተቱ አንዲት እጅ ወጥታ ከሳህን ውሃ ትደፋለች። እጇ የፌቨን ናት፣ ቀለበቷ ሳይቀር። ክፈፉን የሠራው ከዚያው ቤት መቃን እንጨት ነው። ከዚያ ቤትም ከሰፈሩም የቀረው እሱ ብቻ ነበር። ታዲያ ክብደቱ የዋዛ አልነበረም፤ የያዘው ማግኔት የሻይ ማቅረቢያ ሳህን ያህላል።

ያዡ ጋሽ ኢዮስያስ ነበሩ። ባለቤታቸው ሞታለች፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። የሐዋሳ ሰው ናቸው፤ በእሳቸው በኩል ማግኔቱ ላይ ሰፋ ያለ የሐይቅ ሥዕል ሰቅለዋል። ከኪሩቤል ጋር በግድግዳው ይቀላለዱ ነበር። «ኪሩ፣ በርህ ከበደኝ፣ ዝጋው!» ይላሉ። «ሐይቅዎ እያንጠባጠበብኝ ነው ጋሼ» ይላል እሱ።

ኪሩቤል ሞተ። ዕድሩ ወንበር ደረደረ፣ ቤቱ ሞላ፣ የተረፈው ኮሪደሩን ሞላ። ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን። ስስ ቤት ውስጥ ለቅሶ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፤ ሰው ደረቱን ሲመታ ግድግዳው እንደ ከበሮ ይመልሳል። አልቃሿ ድምፅ ባወጣች ቁጥር ያ በር ያለበት ሥዕል ይንቀጠቀጣል። በመጀመሪያው ቀን ረፋድ ላይ ሥዕሉ ወደ ታች ተንሸራተተ። ሁላችንም አየነው። ፌቨን «ኪሩ፣ ሁለቴ ልትሄድብኝ ነው?» አለች።

ከዚያ ቆመ። ለምን እንደቆመ ማንም አልጠየቀም። ለቅሶ ቤት የቆመ ነገር አይጠየቅም።

ጋሽ ኢዮስያስ አልመጡም። በማግሥቱም አልመጡም። በሦስተኛው ቀን ሰው ተበትኖ፣ ወንበሩ ተነስቶ ካለቀ በኋላ በሯ ላይ ቆሙና «እግዜር ያጥናሽ» አሉ። ፌቨን በሩን ዘጋችባቸው። እኔ ውስጥ ነበርኩ። ሲዘጋ አልጮኸም፣ በሮቹ ድምፅ አልነበራቸውም።

ለቅሶ ያልደረሰ ጎረቤት ማለት ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ አላስረዳችሁም። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተነጋገሩም። ደረጃ ላይ ሲገናኙ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ያያል። የፎቁ ሰው «ተጣልተዋል፣ ማግኔታቸው ግን አልሰማም» እያለ ያሾፍ ነበር። እውነትም አልሰማም፤ ይዞ ቆየ። ሙት ዓመቱ አለፈ።

ከዚያ አንድ ቀን ጋሽ ኢዮስያስ ሊፍት ውስጥ ወደቁ። ልባቸው ላይ መሣሪያ ገባላቸው፣ ተመለሱ። ሐኪሙ አንድ ነገር አጥብቆ ነገራቸው፤ ትልቅ ማግኔት ከደረትዎ አይቅረብ፣ ይልቁንም ሲተኙ። የእሳቸው አልጋ ደግሞ የሚዘረጋው ከዚያው ግድግዳ ነው። ማግኔቱ ከትራሳቸው ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። ወዲያ እንዳያዞሩት የቤቱ አልጋ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚወጣው። ክፍሉም ጠባብ ነው፤ ማግኔቱ በዚያ ግድግዳ የትም ቢዞር፣ እሳቸውም የትም ቢቀመጡ አይራራቁም።

አንድ ጠዋት ከገበያ ስመለስ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተኝተው አገኘኋቸው። የእንጨት ወንበር ነው፣ ከሐዋሳ ያመጡት፣ ሲነካ የሚንቋቋ። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበዋል።

«ጋሼ፣ ቤት ጠፋ እንዴ?» አልኳቸው።

አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «ቤቱማ አለ። ቤቱ ውስጥ ኪሩቤል አለ። ከእሱ ጋር እንዳልተኛ ሐኪም ከልክሎኛል።»

የሐኪሙን ነገር የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው።

«ታዲያ አንኳኩና ያንሱት እንጂ።»

«ሳንኳኳ ከረምኩ፣ ብሩኬ። ዛሬም ጠዋት አንኳኳሁ። አትመልስም።»

«ባትመልስስ?»

«አንቺ ብትሆኚ ታነሺዋለሽ?»

አላነሳውም። እሳቸውም አወቁ።

«እኔ ልንገራት» አልኩ።

«ተዪ። ለቅሶዋን ሳልደርስ፣ ሕመሜን አድርሺልኝ ልበልሽ? ወንበሩ ደህና ነው። የሚያመኝ ወገቤ ነው፣ ወገቤ ደግሞ መሣሪያ የለውም።»

እሺ አልኳቸው። እሺ ብዬ ቀጥታ ወደ ፌቨን ገባሁ።

ፌቨን በደረቅ ጨርቅ ክፈፉን ትወለውላለች። ጠዋት ጠዋት ሥራዋ ይኼው ነበር፤ ላዩን ትጠርጋለች፣ ከዚያ በመዳፏ ጎንና ጎኑን ተጭና መያዙን ታረጋግጣለች። ሁላችንም እንዲያ እናደርግ ነበር፣ እንደ ሰላምታ።

«ሲያንኳኩ ትሰሚያለሽ አይደል?» አልኳት።

«ጆሮዬ ምን ሆነ? እሰማለሁ።»

«ለምን አትመልሺም?»

«ልመልስና ይጣልልኝ?» ጨርቁን አራገፈችው። «አንቺ ሴት፣ ያ ሰውዬ ኪሩን ሲሞት አልቀበረውም። አሁን ደግሞ ከግድግዳ ሊያወርደው አማረው። ያንኳኳ። እጁ እስኪላጥ ያንኳኳ። እኔ ካልመለስኩ አያነሳም፤ ያን ያህል እንኳ ሰው ነው።»

«ልባቸው ላይ መሣሪያ ገብቷል፣ ፌቭዬ። ማግኔቱ ራስጌያቸው ነው። ሐኪም እንዳይተኙበት ከልክሏል።»

እጇ ክፈፉ ላይ ቀረ።

«የት ነው የሚተኛው ታዲያ?»

«ኮሪደር። ወንበር ላይ።»

«ያ የሚንቋቋው?»

«እሱ።»

«የሊፍቱ ድምፅ መስሎኝ» አለች። «ከሰሞኑ ሊፍቱ ተበላሸ ስል ነበር።»

ሁለታችንም የምናስበው አንድ ነገር ነው። ሌላው ግድግዳ ሁሉ ውሃ አለበት። አልጋና ወንበሩ ቀን ቀን ተጣጥፎ ይገባል። ወለሉ በቀን ሁለቴ ራሱን ይጠርጋል፤ ሰው ያልተቀመጠበትን ወይም ያልያዘውን ዕቃ ሁሉ ወስዶ ምድር ቤት ያወርዳል። ምድር ቤት የወረደ ዕቃ ሙሉውን ተመልሶ አያውቅም። ሥዕሉ ከግድግዳው ከወረደ የሚቆምበት ቦታ አልነበረውም። ከዚያ ቤትና ከዚያ ሰው የቀረውም እሱ ብቻ ነበር።

«የት አደርገዋለሁ?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

ጨርቁን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። ሥዕሉን በሁለት እጇ አቀፈችው፣ ጉንጯን ክፈፉ ላይ አስደግፋ። ከዚያ በአንድ ጣቷ ግድግዳውን ሁለቴ መታች። ከወዲያ ምንም ድምፅ አልነበረም፤ ሰውዬው ኮሪደር ናቸው።

«ሂጂ፣ አንቺ አንሺው» አለች። «ይዣለሁ።»

ጋሽ ኢዮስያስ በራቸውን ከፈቱልኝና እሳቸው ራቅ ብለው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ሰዓቴንና ስልኬን ኮሪደር አስቀመጥኩ። ሱፍ ጨርቁን አዘጋጀሁ። ማግኔቱን ለማግኘት መጀመሪያ የሐይቁን ሥዕል አነሳሁ፣ ቀላል ነበር።

ከሥሩ፣ በማግኔቱ ግራና ቀኝ፣ ግድግዳው ላይ ሁለት እጆች ነበሩ። የጠቆሩ። ጣቶቹ አንድ በአንድ ይለያሉ። ከእጆቹ ዝቅ ብሎ የግንባር ያህል ክብ ጥላ አለ።

«ይኼ ምንድነው ጋሼ?»

«ግድግዳው ነዋ። ሙቀት አይችልም።»

«እጅ ነው።»

«እጅ ነው» አሉ። «ተዪው ይልቅ አንሺልኝ፣ ልጅቱ ከብዷታል።»

«የማን እጅ ነው?»

ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ለቅሶው ቀን ግድግዳው አልረጋ አለ። ወጥቼ ልሄድ፣ ጫማዬን ሳስር ማግኔቱ መንሸራተት ጀመረ። ተጫንኩት፣ ቆመ። እጄን ሳነሳ እንደገና ጀመረ። ሰው ልጥራ አልኩ፤ ማንን ልጥራ? ሰው ሁሉ እሷ ቤት ነው፣ በዚያ ለቅሶ ማን ይሰማኛል። ማታ ሰው ሲሄድ ይረጋል፣ እኔም ደክሜ እዚያው እወድቃለሁ፣ ጠዋት ለቅሶው ሲጀምር ይነሳል። እንዲያው ቆምኩ። ያለቀስኩትም እዚሁ ነው፣ ግንባሬን አስደግፌ።»

ግድግዳው ስስ እንደነበር ነግሬያችኋለሁ። ከወዲያ በኩል የፌቨን ድምፅ መጣ፣ ቅርብ ሆኖ፣ አፏ ሥዕሉ ላይ እንዳለ።

«ሦስቱንም ቀን?»

ጋሽ ኢዮስያስ ወደ ግድግዳው አዩ። «ሦስቱንም ቀን።»

«ለምን አልነገሩኝም ታዲያ፣ ጋሼ?»

«ምን ብዬ? ለቅሶሽን የቀረሁት ሥዕል ይዤ ነው ብዬ? ይታመናል?»

«አይታመንም» አለች።

«አየሽ።»

ፌቨን «ብሩኬ፣ አንሺው በቃ። ይዤዋለሁ» አለች። እኔም ማግኔቱን ቀስ እያልኩ ወደ ጠርዝ አንሸራተትኩት። ሲለቅ እጄ ቀለለኝ። ከወዲያ አንድ ከባድ ትንፋሽና የእንጨት ድምፅ ሰማሁ። አልወደቀም።

ስወጣ ፌቨን ሥዕሉን እንዳቀፈች ኮሪደር ቆማለች። ጋሽ ኢዮስያስ ወንበራቸውን በእግራቸው ገፋ አደረጉላት። ተንቋቋ። ሥዕሉን ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው፣ ጀርባውን አስደግፋ። እሳቸው ቤታቸው ገብተው አልጋቸውን ዘረጉ። ቀኑን ሙሉ ተኙ፤ ማንኮራፋታቸውን ፎቁ በሙሉ ሰማ፣ አንድም ሰው አላማረረም።

በማግሥቱ የሕንፃው ተቆጣጣሪ መጣች። ደንብ ጠንቅቃ የምታውቅ፣ ቀጭን ልጅ ነበረች።

«ይኼ የማን ዕቃ ነው? ኮሪደር ላይ ዕቃ አይቀመጥም።»

«ዕቃ አይደለም» አለች ፌቨን። «ባለቤቴ ነው። ተቀምጧል።»

ልጅቷ ሥዕሉን አየች፣ ፌቨንን አየች፣ እኔን አየች። «ሰው ከጎኑ ካለ የተያዘ ነው» አልኳት። «የተያዘ ነገር አይወሰድም፣ ደንቡ ይላል።»

«ሰው ከሌለስ?»

«ሰው አይጠፋም» አሉ ጋሽ ኢዮስያስ ከውስጥ።

አልጠፋም። ቀን ቀን ፎቁ ተራ ገባ። ሽንኩርት የሚልጥ እዚያ ይልጣል፣ ስልክ የሚያወራ እዚያ ያወራል። ማታ ፌቨን አልጋዋ ላይ ከጎኗ ታስተኛዋለች። ተቆጣጣሪዋም ስታልፍ «ያዥ ማነው ዛሬ?» ማለት ጀመረች። እንደዚያ ስንት ዓመት ኖርን።

ጋሽ ኢዮስያስ በኋላ ሞቱ፤ በልባቸው አይደለም፣ በእርጅና ነው። ፌቨን ለቅሶውን ከሁሉ ቀድማ ገባች፣ ከሁሉ ኋላ ወጣች። ሳምንት ሳይሞላ አጣቢዎቹ ከነባልዲያቸው መጡ። ቤቱ ለሌላ ሊሰጥ ነው፣ ጥላው መታጠብ አለበት። ፌቨን በሩ ላይ ቆመች።

«ያዥ እስከ አርባ አይነካም» አለቻቸው።

«እማማ፣ ማግኔት እኮ የለም። አይተናል።»

«እጁ አለ።»

ተቆጣጣሪዋ ተጠራች። ግድግዳውን ብዙ አየች፤ ደንቡ ስለ እጅ ምንም አይልም። ይቆይ አለች።

አርባው ሲወጣ ተመለሱ። እኔ ከእነሱ ጋር በጋሽ ኢዮስያስ ቤት ነበርኩ፣ ፌቨን በራሷ ቤት። አጣቢው ጨርቁን ሲያነሳ «ቆይ» አልኩት። ግድግዳውን ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ።

ፌቨን ወዲያው ሁለቴ መለሰች። ይኼን ጊዜ አላዘገየችም።

ከዚያ ታጠበ። ግድግዳው እንደ አዲስ ሆነ፣ ቤቱ ሰዎች ገቡበት፣ ደጎች ነበሩ።

ይኼው ነው። በርቱ፣ ተነሱ፣ እግራችሁ ደንዝዟል። የእናንተ ግድግዳ ያዥ አይፈልግ ይሆናል። ግን አንድ ቀን ከወዲያ በኩል ሰው ሲያንኳኳ ብትሰሙ፣ የተጣላችሁትም ቢሆን፣ መልሱለት። ሌላው ቢጠፋባችሁ አልቀየምም፤ ይችን ብቻ ያዙልኝ።